የዓርብ መርዶ

እናቴ ከሞተች በኋላ ለብዙ ወራት ጠበል ላይ ነበረች።

እንዲህ ነበር የሚሉኝ። ኩዌት ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ደውዬ «እማዬን አገናኙኝ» ስል «ጠበል ገብታለች፤ እዚያ ስልክ ክልክል ነው» ይሉኛል። «ተሻላት ወይ?» ስል «ደኅና ናት፣ ሰላም በሉልኝ ብላሻለች» ይሉኛል። እኔም ሞኟ ሰላምታ እልካለሁ። ክረምቱ ሲገባ ይበርዳታል ብዬ ሹራብ ልኬላት ነበር። ማን እንደለበሰው እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም። እሷ ግን ጠበል ገባች በተባለ በመጀመሪያው ሳምንት አርፋለች። አርባዋ ወጥቶ፣ ሰማንያዋ ወጥቶ፣ ሙት ዓመቷ ሲቃረብ ነው የነገሩኝ።

ከክፋት አይደለም። በአገራችን በሰው አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም። ብቻዋን ናት፣ የሚደግፋት የለም፣ ደንግጣ አንድ ነገር ትሆናለች ይባላል። እኔ ራሴ ስለ ሌሎች ሴቶች እንዲህ ብዬ አፌን ዘግቼ አውቃለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ከአገር ቤት በሚመጣ ወሬ ላይ ሁሉ የራሴን ሂሳብ መሥራት ለመድኩ። «ትንሽ አሟታል» ካሉኝ በጠና ታማለች ማለት ነው። «በጠና ታማለች» ካሉኝ ተቀብራለች። ምንም ሳልጠይቅ «ሁሉም ደኅና ነው» ካሉኝ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የወንድሜ ነገር የመጣብኝ ይህን ሂሳብ ይዤ በተቀመጥኩበት ነው።

ወንድሜ የእናታችን የመጨረሻ ልጅ ነው። በእኔና በእሱ መካከል የተወለዱት አላደጉም። እናታችን ጉሊት ስትውል አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ወንድሜ ይሁን ልጄ አንዳንዴ ይምታታብኛል። እሱም እታለም ነው የሚለኝ። ትምህርቱን አቋርጦ ከከተማችን ዳር ካለው የድንጋይ ካባ ገባ። መጀመሪያ ድንጋዩን የሚያወጡት በድጅኖና በመዶሻ ነበር። ኋላ አንድ ኩባንያ መጥቶ ጠጠር መፍጫ ተከለ፣ ሎደርና ኤክስካቫተር አስገባ። ወንድሜ ሹፌር አልሆነም፤ እጅ የሚያሳይ ሆነ። ገልባጭ መኪናው ለጭነት ሲጠጋ፣ ሎደሩ ድንጋይ አፍሶ ሲዞር፣ መሬት ላይ ቆሞ «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ» የሚለው እሱ ነው። ጓደኞቹን እያስቀረጸ ቪዲዮ ይልክልኝ ነበር። ከእሱ ቁመት የሚበልጥ ጎማ አቧራ እያስነሣ ይመጣል፤ እሱ ሁለት ጣቱን ከፍ ሲያደርግ ቀጥ ይላል።

«አየሽ እታለም? ይኼን ሁሉ ብረት በጣቴ ነው የማዘው» ይለኛል።

እኔ የማየው ጣቱን ሳይሆን ጫማውን ነበር። በሸራ ጫማ ነው የሚሠራው። እዚሁ ኩዌት፣ ከፋርዋኒያ ገበያ አፍንጫው ብረት የሆነ የሥራ ጫማ ገዝቼ፣ አገር ቤት ለምትገባ ልጅ አስይዤ ላኩለት። ለጥምቀት አድርጎት ወጣ። ፎቶውን ሳይ በገንኩ። «ለካባው ነው እንጂ ለታቦቱ ነው እንዴ የላኩልህ?» ስለው «እንዲህ ያለውን ጫማ አቧራ ላይ አላበላሸውም» አለኝ። ድሀ ጥሩ ነገር ሲያገኝ ለክፉ ቀን አያስቀምጥም፤ ለበዓል ነው የሚያስቀምጠው።

አሁን ደግሞ ስለ ዓርብ ልንገራችሁ። ኩዌት ባለ ሐበሻ ላይ ዘመድ የሚሞትበት ዓርብ ብቻ ነው። በሌላው ቀን ሁላችንም በየሰው ቤት ሥራ ላይ ነን፤ የሚሰበሰብ ሰው የለም። ስለዚህ ሰኞ የሞተም፣ ረቡዕ የሞተም ዓርብ እስኪደርስ ድረስ በሕይወት ይቆያል። አገር ቤት መርዶ የሚነገረው ጎህ ሳይቀድ ነው። እዚህ ግን ከቅዳሴ በኋላ ነው።

እኔ የምሠራው ሩማይሲያ በሚባል ሰፈር፣ ከቤተሰቡ ጋር እያደርኩ ነው። ዓርብ ዓርብ ሁሉም ሚሽሪፍ ወዳለው የማዳም እናት ቤት ለምሳ ስለሚሄዱ ማዳም ትለቀኛለች። ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ፋርዋኒያ እትዬ ዘንድ እሄዳለሁ። እትዬ ከሁላችን ቀድመው ኩዌት የገቡ ሴት ናቸው። አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ክፍሏም የሁላችን የዓርብ ቤት ናት። አብራቸው የምትኖር አንዲት ጴንጤ ልጅ አለች። እሷም ዓርብ ወደ ጸሎት ቤቷ ትሄዳለች። ስንገናኝ መተራረብ ነው። በጾማችን ዶሮ ትጠብስና በሩን ሆን ብላ ክፍት ትተዋለች እያልን እናማታለን።

ያን ዓርብ ነገሩ የገባኝ ገና ደረጃው ላይ ነው። የሽንኩርት ሽታ የለም። ዓርብ እትዬ ቤት ሽንኩርት ሳይቁላላ ውሎ አያውቅም። በሩን ስከፍት ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ስልኳን የምትነካካ አንዲት እንኳ የለችም። እትዬ ተነሥተው አቀፉኝ። አጠገባቸው አስቀምጠው ውሃ ሰጡኝ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። «ወንድምሽን ትንሽ ሎደር ነክቶት ነው።»

ሎደር ትንሽ አይነካም። ይህን ለማወቅ ካባ መዋል አያስፈልግም።

«ታዲያ ለምን ራሱ አይደውልልኝም? ስልኩስ?» አልኩ።

«ስልኩ ተሰብሮ ነው። ሆስፒታል ተኝቷል፤ እግሩን ነው የተጎዳው። ደኅና ነው።»

ስልኩ አይሠራም፣ ሆስፒታል ነው፣ ደኅና ነው። ሂሳቡን ለመሥራት ጊዜ አልፈጀብኝም። ነጠላዬን ከራሴ ላይ ጣልኩና ጮህኩ።

እውነቱ ግን እትዬ ከነገሩኝ ሌላ አልነበረም። አጎቴ ከአገር ቤት ደውለው «ሎደር እግሩን ቀጥቅጦታል፤ ሐኪሞች ይዘውታል። ድንገት ብትሰማ ትደነግጣለችና ሰው ሰብስባችሁ ቀስ አድርጋችሁ ንገሯት፤ አደራ» ብለዋቸዋል። እትዬም አደራቸውን በሚገባ ተወጡ። ሰው ሰበሰቡ፣ ውሃ አቀረቡ፣ ቀስ አድርገው ነገሩኝ። ችግሩ ለቆሰለም ለሞተም ያለን ወግ አንድ መሆኑ ነው። ሴቶች ተሰብስበው፣ ድምፅ ዝቅ አድርገው «ትንሽ ተጎድቷል» ሲሉ የሰማ ሐበሻ ምን ሊያስብ ነው? ቆስሎ ቢሆን ለምን ይሰበሰባሉ?

ከዚያ የሆነውን ዛሬ ሳወራው ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን ሳቅ አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ሁሉም «ኧረ በሕይወት አለ» ይሉኝ ነበር። እኔ ማልቀሴን ስቀጥል ግን አንዷ አብራኝ አለቀሰች። ይህች ልጅ የአባቷን ሞት የሰማችው ለዕረፍት አገር ቤት ገብታ፣ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ እንደቆመች ነው። ሌላዋም አለቀሰች። እርስ በርስ ተያዩ። ለእኛስ እውነቱን ነግረውን ይሆን? አጎትዬው እኛንም ለማለዘብ ብለው ቢሆንስ? በየራሳቸው ላይ የደረሰውን ያውቁታልና ጥርጣሬው እንደ ጉንፋን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተዛመተ። ከሰዓት በኋላ እትዬ ራሳቸው፣ በገዛ ጆሯቸው «በሕይወት አለ» ተብለው የሰሙት ሴት፣ ደረታቸውን እየመቱ ለወንድሜ ሙሾ ያወርዱ ነበር።

ጴንጤዋ ልጅ ከጸሎት ስትመለስ እንዲህ ሆነን አገኘችን። በሩ ላይ ቆመች።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ወንድሟ» አሏት።

«ጠዋት እግሩ ነው አላላችሁኝም?»

መጥታ አጠገቤ ተንበረከከችና እጄን ያዘች። «ሞቷል ያለ ሰው የለም። ሁላችሁም ራሳችሁ ናችሁ የገደላችሁት» አለች።

«አንቺማ ምን ቸገረሽ» አልኳት፣ «እናንተ ዘንድ የሞተም ይነሣል።» በንዴት ነው ያልኩት። እሷ ግን እንደ ተለመደው ተረብ ሆኖባት ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች።

አመሻሽ ላይ አጎቴ ደጋግመው ደወሉ። አላነሣሁም። ምን ሊሉኝ ነው? ጠበል ገብቷል ሊሉኝ? እሱ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ «እታለምን አገናኙኝ» እያለ፣ እኔ እዚህ ቀብሬው ስልኬን አጥፍቼ ወደ ማዳም ቤት ተመለስኩ።

ማዳም ፊቴን ስታይ «ሽፊች?» አለችኝ፤ ምን ሆነሽ ማለቷ ነው። «አኹይ ማት» አልኳት፣ ወንድሜ ሞተ። ማዳም ቁጡ ናት፤ አንድ ብርጭቆ ከቦታው ቢዛነፍ ቤቱ ይናወጣል። ያን ቀን ግን አቅፋኝ ራሴን ደባበሰችኝ። በማግስቱ ሹፌሩን ልካ ካርቶን ካርቶን ውሃ መስጊዱ በር ላይ አስደረደረች። ለሞተ ሰው ነፍስ እንዲህ ያደርጋሉ፤ የጠጣ ሁሉ ለሟቹ ይለምንለታል። ያ የካባ ልጅ፣ ማተቡን ያሰረው ክርስቲያን፣ እዚያ በሥቃይ ሲያቃስት፣ ሩማይሲያ ውስጥ ሰዎች ከሶላት እየወጡ ለነፍሱ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠጡለት ነበር።

እኔም ሥራዬን እሠራ ነበር። ሐዘንተኛ አገር ቤት ይቀመጣል፤ ሰው ይመጣል፣ ምግብ ይመጣለታል። እዚህ ሐዘንተኛ ምንጣፍ ያጸዳል። ቅዳሜም እሑድም አጸዳሁ። ስልኬን ከፍቼ የአጎቴን ቁጥር ባየሁ ቁጥር እዘጋዋለሁ። በመንገዳችን የሚያልፈው የቆሻሻ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ጢ ጢ እያለ ይጮኻል። ዱሮ ሰምቼውም አላውቅ፤ ያን ሰሞን ግን በጮኸ ቁጥር የያዝኩትን እያስቀመጥኩ እቆማለሁ።

የቤቱ አባወራ፣ ባባ የምላቸው የማዳም ባል፣ አርጅተዋል። ጉልበታቸውን የጨረሱት በከባድ ማሽን ሥራ ነው። ከከተማው ራቅ ብሎ፣ በረሃው ላይ፣ አሸዋና ጠጠር የሚያወጣ ድርጅት ነበራቸው፤ ሲያረጁ ሸጡት። ከሰዓት በኋላ ዲዋኒያቸው ውስጥ፣ ወንዶች እንግዳ በሚቀበሉበት ሰፊ ክፍል፣ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ሻይ የምወስድላቸው እኔ ነኝ። ማክሰኞ ዕለት ብርጭቆውን አስቀምጬ ልወጣ ስል መለሱኝ።

«ወንድምሽ ምን ይሠራ ነበር?» አሉኝ።

«ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ፣ ባባ። ሎደር ነው የገደለው።»

«ሹፌር ነበር?»

«አልነበረም። መሬት ላይ ቆሞ እጅ የሚያሳይ ነው።»

«ሎደሩ ወደ ፊት እየሄደ ነው ወይስ ወደ ኋላ?»

«አላውቅም።»

«በየት በኩል ቆሞ ነበር?»

«አላውቅም ባባ።»

«አልጠየቅሽም?»

አልጠየቅኩም። እኛ አንጠይቅም። ሰው ሲሞት ቀኑ ደርሶ ነው ይባላል እንጂ ጎማው በየት በኩል መጣ ተብሎ አይመረመርም። ኀዘኑ ላይ ነገር መቆስቆስ ይሆናል። ባባ ግን የሚጠይቁኝ በቁም ነገር ነበር፤ ሻዩን እንኳ አልነኩትም።

«ሎደር ከኋላው አያይም» አሉኝ። «ሹፌሩ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ከኋላው ሞተር ነው፤ ከሞተሩ ሥር የቆመ ሰው ይሰወርበታል። ሲመለስ የሚጮህ ደወል የሚገጠምለት ለዚህ ነው። ሹፌሮቹ ቀኑን ሙሉ መስማት ሲሰለቻቸው ሽቦውን ይቆርጡታል። እኔ ዘንድም ቆርጠውት ነበር። አውቅ ነበር።»

ሻዩን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። እኔም ቆሜ ጠበቅኩ፤ ሂጂ አላሉኝም።

«አንድ ሠራተኛዬ የሞተው እንዲሁ ከሎደር ኋላ ቆሞ ነው» አሉ። «ለአባቱ የደወልኩት እኔ ነኝ። ትንሽ ተጎድቷል አልኩት። ሞቷል ማለት አቃተኝ። አባቱ እንዴት ተጎዳ፣ የትኛው ክፍል ተኛ፣ አጠገቡ ማን አለ እያለ ጠየቀኝ። አንድም የምመልሰው አጣሁ። ለሞተ ሰው ይህን ሁሉ ፈጥሮ መናገር አይቻልም። አባቱ ከዚያ ነው ያወቀው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ደውይና ጠይቂ።»

ኩሽና ገብቼ አጎቴ ዘንድ ደወልኩ። ሰላምታም አላቀረብኩም።

«ጋሼ፣ ሎደሩ ወደ ፊት ነው የሄደው ወደ ኋላ?»

«ምን?» አሉ አጎቴ። «ወደ ኋላ ነው እንጂ! ልጄ፣ ምነው ስልክ አላነሣ አልሽ?»

«በየት በኩል ቆሞ ነበር?»

«የቆመ መቼ ሆነና። ከገልባጩ ጎማ ሥር ድንጋይ ገብቶ እሱን ሊያነሣ ጎንበስ ባለበት ነው። ሎደሩ ሲመለስ የምትጮኸው ነገር ከፋሲካ ወዲህ ተበላሽታለች። ቀኝ እግሩን ነው። ሹፌሩ ደግሞ ጓደኛው ነው፤ ራሱ ነው አቅፎ ሆስፒታል ያደረሰው። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ የሆስፒታሉ በር ላይ ጫማውን አውልቆ መሬት ተቀምጧል። እህል አልቀምስም ብሎ ሽማግሌ ገብቶ ነው ትናንት ዳቦ የቆረሰው። ዘበኛው ደግሞ መንገድ ዘጋህ ብሎ ሲጨቃጨቀው ይውላል። እዚህም ሰላም የለም፤ የጎን አልጋው ሰውዬ ሬዲዮውን ከፍቶ አላስተኛ ብሏቸዋል። ዝቅ አድርገው ስለው እኔ ከፍዬ የገዛሁት ነው አለኝ፤ ምን ዓይነት ሰው ነው...»

አጎቴ ስለ ሬዲዮው ቀጠሉ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቀስ እያልኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ጠበል ላይ በነበረችባቸው ወራት ሁሉ አንድ ሰው እንኳ አጠገቧ ስለተኛው በሽተኛ ነግሮኝ አያውቅም። ውሸት አጭር ነው። ሬዲዮ የሚያስጮህ ጎረቤት የለውም።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ይስጡኝ እስቲ።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሰማሁ።

«እታለም፣ ለምንድን ነው የማታነሺው?»

ድምፁ ሰልሏል፤ ኩርፊያው ግን የራሱ ነው። ያን ኩርፊያ ማንም አስመስሎ አይናገረውም።

«አለህ?» አልኩት።

«አለሁ። እግሬን ትናንት ቆረጡት።»

ይህን አጎቴ ሳይነግሩኝ አልፈውታል። ልማድ አይለቅም።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ ልበል? አላመለጠኝም፤ ከልቤ ነው ያልኩት። ደጋግሜም አልኩት፣ ተመስገን፣ ተመስገን፣ እየሳቅኩና እያለቀስኩ። ከዓርብ ጀምሮ አፈር የለበሰ ልጅ አፍ አውጥቶ ሲያኮርፈኝ እግር ምን ቁም ነገር አለው? ሁለቱንም ቆረጡት ቢለኝ ያን ሰዓት እልል የምል ይመስለኛል።

«እሺ» አለኝ ወንድሜ። «እሺ እታለም።» ስልኩንም ለአጎቴ መለሰ።

ያን ቀን ቤቱ ሠርግ ሆነ። ማዳም መሞቱን ነግሬያት አለመሞቱን ስነግራት መጀመሪያ የሰከርኩ መሰላት። ከዚያ የተሰጠ ውሃ አይመለስም፣ ለሟች አባቷ ነፍስ ይሁን አለች። ባባ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከጉልበት በላይ ነው በታች?» «በታች» ስላቸው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ፋርዋኒያ ስደውል ስልኩን ያነሣችው ጴንጤዋ ነበረች። «አላልሽም እንዴ? እኛ ዘንድ የሞተ ይነሣል» አለችኝ። ከኋላዋ የእትዬ እልልታ ይሰማል።

እኔ ግን ሌላው ሁሉ ካለፈ በኋላ ያቺ «እሺ» ቀረችብኝ። ወንድሜ ትልቅ ነገር ሲከፋው አይጮኽም፤ እሺ ነው የሚለው። እናታችን መሞቷን ነግረውኝ ስደውልለት፣ ለወራት አብሮ ሲዋሸኝ የነበረው ልጅ፣ «ለምን ደበቅከኝ» ብዬ ስጮኽበት «እሺ» ብቻ ነው ያለኝ። ልብስ ስተኩስ፣ ሳህን ሳጥብ አስበዋለሁ። ለእኔ ወንድሜ ከሞት ተነሥቶ እግሩ ብቻ ጎደለ። ለእሱ ግን የሞተ ሰው የለም። ጠዋት በሁለት እግሩ ሥራ ወጥቶ በአንድ የቀረ ሰው ነው። ሁለታችን አንድ አደጋ ላይ ከሁለት አቅጣጫ ነው የደረስነው፤ እኔ ከመቃብር በኩል፣ እሱ ከካባው በኩል። እንዴት አድርጌ ይህን እንደምነግረው ግን አላወቅኩም።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ራሱ ደወለ። የሎደሩን ሹፌር ስልክ ተውሶ ስለነበር በቪዲዮ ተያየን። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ በሩን ገፋ አደረግኩት። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። ስለ ምግቡ፣ ስለ ቁስሉ ጠየቅኩት፤ መለሰልኝ።

«ሰው ሁሉ እንኳን ተረፍክ ይለኛል» አለ። «ካባው በሙሉ መጣ፤ እንኳን ተረፍክ። ቄሱ መጡ፤ እንኳን ተረፍክ። ሐኪሙም እንኳን ተረፍክ። እኔም አሜን እላለሁ። ምን እላለሁ? መትረፌን ጠልቼ እኮ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«እግሬን ለአጎቴ ነው የሰጧቸው። በጨርቅ ጠቅልለው ወስደው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቀበሩት። እሳቸውና ሹፌሩ ብቻ ናቸው የሄዱት። ሲመለሱ ያለቀሰ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አንተ ተርፈህ ምን ያስለቅሳል አሉኝ።» በእጁ አፍንጫውን ጠረገ። «አንቺ አልቅሰሻል አሉ። ፋርዋኒያ ድንኳን መጣል ነበር የቀረው አሉኝ።»

«አልቅሻለሁ። ለአንተ አልቅሼ ጨርሻለሁ።»

«ያማ ለእኔ ነው፤ እኔ አልሞትኩም። የሞተው እሱ ነው» አለ፤ በዓይኑ ወደ ብርድ ልብሱ አመለከተ። «እሱን አልቅሺልኝ እታለም። ከአንቺ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም።»

ምን ብዬ እንደምጀምር ጨነቀኝ። ለእግር ሙሾ አላውቅም። ሰው ሲሞት ምን እንደነበር፣ ምን እንዳደረገ ተነሥቶ ነው የሚለቀሰው። እኔም የማውቀውን ማንሣት ጀመርኩ። ልጅ ሆኖ መሄድ ዘግይቶበት እንደነበር፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሽባ ነው እያለ እንዳማው ነገርኩት። አንድ ቀን እናታችን ጉሊት ሳለች፣ የበሩን መቃን ይዞ ቆሞ፣ እኔ ልብስ ከማጥብበት ከጓሮው ስጠራው መቃኑን እንደለቀቀ ነገርኩት። ቀኝ እግሩን ነበር ያስቀደመው። ሳሙና በእጄ እንደያዝኩ እየተንገዳገደ መጥቶ ደረቴ ላይ ወደቀ። ለእናታችን አልነገርኳትም። የመጀመሪያውን እርምጃ እሷ ያየች እንዲመስላት ብዬ፣ በማግስቱ እስክትመጣ ጠብቄ ፊቷ አቆምኩት። ሄደላት፤ እልል አለች። እስክትሞት ድረስ የመጀመሪያው መስሏት ነው የኖረችው።

«ይህን አልነገርሽኝም» አለ።

«ለማንም አልነገርኩም» አልኩት። «ያ እግር መጀመሪያ የመጣው ወደ እኔ ነው።»

ከዚያ ወዲያ አለቀስኩ። ያን ዓርብ እንዳለቀስኩት አልነበረም፤ ያን ጊዜ ሞትን ነበር የማለቅሰው፤ ማንም ሲሞት የሚለቀሰውን። አሁን ግን ያችን ትንሽ እግር፣ ጭቃ የነካትን፣ ተረከዟን በድንጋይ የምፈትጋትን አውቃታለሁ። ማዳም ድምፄን ሰምታ በሩን ከፈተች፤ አየችኝና መልሳ ዘጋችው። ወንድሜ በስልኩ ውስጥ ሆኖ ያየኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ እሱም ብርድ ልብሱን ወደ ፊቱ ስቦ አለቀሰ። የጎን አልጋው ሰውዬ ሬዲዮውን ሲዘጋ ተሰማኝ።

ሁለታችንም ስንበርድ ብርድ ልብሱን ከፊቱ ላይ ገለጠው። ዓይኑ ቀልቷል።

«አሁን አንቺም በይኝ» አለኝ።

«ምን ልበልህ?»

«እንኳን ተረፍክ በይኝ።»

አልኩት።